ከኮረም የተላከው ፊልም ለማን ተናገረ?

አንድን ፊልም ወይም የጋዜጣ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ስናቀርብ ተማሪዎች አስቀድመው የሚያነሡት «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በዚያ ላይ የቆመ ትምህርት ግማሽ መንገድ እንኳ አይሄድም። ለዚህ አባባላችን ማስረጃ የሚሆነን እኛ በምናስተምርበት ከተማ በናይሮቢ ይሠራ የነበረ ካሜራማን ያነሣው፣ የአገራችንንም ስም በዓለም ዙሪያ ከረሃብ ጋር ያቆራኘው ፊልም ነው።

መሐመድ አሚን በ1935 ዓ.ም. በናይሮቢ የተወለደ፣ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተና ለቪዝኒውስ የዜና ወኪል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ታየ፤ ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዳሳዩትም ይነገራል። ወቅቱ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ የጨረሰበት ሲሆን፣ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ ተከልክለው ቆይተው ነበር። አንድ ፊልም መቼና በማን ፈቃድ ተሠራ ብሎ መጠየቅ፣ በውስጡ የሚታየውን የመጠየቅን ያህል ተገቢ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሥዕሎቹ ውስጥ ውሸት የለም። የሞተውም የሚያጣጥረውም እውነት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ዘገባ ሁኔታውን የሚያብራሩልን እነማን ናቸው? ጋዜጠኛውና አንዲት አውሮፓዊት ሐኪም ናቸው። ገበሬው ይታያል እንጂ አይጠየቅም። በሬውን መቼ እንደ ሸጠ፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል መቼ እንደ በላ፣ ስንት ቀን ተጉዞ ኮረም እንደ ደረሰ ከአንደበቱ አንሰማም። በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነትም፣ እህልና ገበያን ከሰው ያራቀ ሆኖ ሳለ፣ በቂ ስፍራ አላገኘም። ጋዜጠኛው ያየውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር ማመሳሰሉ ንግግሩን አሳምሮለታል። ዳሩ ግን በዚህ አነጋገር ረሃቡ የሰው እጅ ያለበት ነገር መሆኑ ቀርቶ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት መሰለ።

ይህን ፊልም ለኬንያውያን ሠልጣኞቻችን ሁለት ጊዜ አሳይተናቸዋል፤ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ድምፁን ዘግተን። ድምፁ ሲዘጋ ዓይን የሚሰበስበው ሌላ ነው። እናትና የሁለት ወር ልጅዋ በአንድ ላይ ተጠቅልለው የተኙበት ሥዕል አለ። ትረካውን እየሰማ የሚያየው ሰው ሞትን ብቻ ያያል። የእኛን አገር ግነዛ የሚያውቅ ግን ጨርቅ በጠፋበት ሥፍራ ለሬሳ የሚሆን መጠቅለያ ፈልጎ ያገኘ፣ ሁለቱንም አስተካክሎ ያስተኛ ወገን እንደ ነበረ ይገነዘባል። «ሲኦል» በተባለው ሥፍራ ሥርዓት አልጠፋም ነበር ማለት ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ የእናቲቱን ስም ጠየቀን። ፊልሙ ስሟን አልነገረንም።

የተመልካች ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ፊልሙን አይተው የተነሣሡት ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ በኅዳር 1977 ያወጡት ዘፈን የተራቡት ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደ ሆነ በርእሱ ይጠይቃል። ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን ለያዘ፣ ገናንም ታኅሣሥ 29 ለሚያከብር ሕዝብ ይህ የማይቀርብ ጥያቄ ነበር። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፊልሙ ሕዝቡን ስላላናገረላቸው ሌላውን ከራሳቸው ጨመሩበት። ይህን ስንል በዘፈኑና ሐምሌ 6 ቀን 1977 በተደረገው በላይቭ ኤይድ የተሰበሰበውን ገንዘብ፣ ለብዙ ሰው ሕይወት የደረሰውንም እህል ማሳነሳችን አይደለም።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ይህ የወሎ ረሃብ ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሲታይ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ሥዕሎችን እያቀያየረ ከረሃቡ ሥዕሎች ጋር አጋጥሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያው የወሎ ገበሬ፣ ያው ረሃብ ነው፤ የተለወጠው የሥዕሉ ጎረቤትና ተመልካቹ ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ገበሬው የሌሎች ጉዳይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

መሐመድ አሚን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ካሜራው በሄደበት ሁሉ የደፈረ ሰው እንደ ነበረ አንክድም። ሆኖም አንድ ሙሉ የትምህርት ጊዜ ወስደን በፊልሙ ላይ ካሜራማኑ ያነሣውን በአንድ ዓምድ፣ ተራኪው የጨመረበትን በሌላ ዓምድ ሠልጣኞቻችንን ስናጽፍ፣ ሁለተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ይረዝማል።