ባለ ሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትና የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት፦ ሂሳዊ አስተያየት

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ቋንቋውን ገና እየተማረ ሳለ በዚያው ቋንቋ ታሪክም ፊዚክስም ይማራል። ስለዚህ የቃላት ዕውቀት ለእርሱ የአንድ ትምህርት ዓይነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ሁሉ በር ነው። በሩን ለመክፈት ዘወትር የሚጠቀምበት መሣሪያ በደብተሩ ግራ ጎን የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ ጎን የአማርኛውን ፍቺ አንድ ለአንድ የሚያሰልፍበት ዝርዝር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ የቆመበትን አስተሳሰብ መመርመርና መዝገበ ቃላቶቻችን ምን ያህል እንዳረሙት ወይም እንዳጸኑት መመዘን ነው።

አስተሳሰቡ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ አንድ አቻ አለው የሚል ነው። ይህ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአማርኛ ሸሚዝ ይለበሳል፤ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ቀለበት ይጠለቃል፤ መነጽር ይደረጋል። ለእነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ «ዌር» የሚለው አንድ ግስ ይበቃዋል። በደብተሩ «ዌር ማለት ለበሰ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ ሸሚዝ ሲያነብ ይገባዋል፤ ስለ ቀለበት መጻፍ ሲፈልግ ግን የሚያውቀው ቃል የሚያገለግለው አይመስለውም። ቃሉን ቢያጠናም የቃሉን ወሰን አላጠናም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከግስ አረባብ የሚመጣ ነው። «ተበደረ» እና «አበደረ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ የድርጊቱን አቅጣጫ የሚለየው በመነሻቸው ያለው «ተ» ወይም «አ» ነው። «ተዋሰ» እና «አዋሰ»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚሉ፣ በመልክ የማይዛመዱ ሁለት ግሶች አሉት። ተማሪዎቻችን ሁለቱን የሚያምታቱት ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን፣ በቋንቋቸው አንድ የሆነው ሥር በሌላው ቋንቋ ለሁለት ስለተከፈለባቸው ነው። በአንጻሩ አማርኛ ብድርን ከውሰት ይለያል፤ ገንዘብ ወይም እህል የተበደረ ምትኩን ይከፍላል፣ መጥረቢያ የተዋሰ ግን ያንኑ መጥረቢያ ይመልሳል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል። ከዚህም ሌላ እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት በሽታው ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ጉንፋኑን የሚይዘው ሰውየው ነው። «ካች ማለት ያዘ» የሚለው ፍቺ እውነት ቢሆንም ማን ማንን እንደሚይዝ አይናገርም።

መዝገበ ቃላቶቻችን ለዚህ ችግር ምን መፍትሔ ሰጡ? እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ወጥተዋል። አንደኛው አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው ያዘጋጁትና በቪስባደን የታተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት ነው። የሌስላው ሥራ ዋና ብልጫ በስሙ ተገልጿል፤ ቃሉን ብቻውን አያቆመውም፣ በሚነገርበት ዐውድ ውስጥ ያሳየዋል እንጂ። የአማርኛው ፍቺ እንደ ዐውዱ መለዋወጡን አንባቢው በዓይኑ ያያል። ሆኖም መጽሐፉ 1,500 ገጽ ያህል ስለሆነ ተማሪ ወደ ክፍል ይዞት የሚሄድ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን የአቅጣጫ ነው። ሁለቱም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስለሚሄዱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያነበውን ኢትዮጵያዊ ይረዳሉ፤ ከአማርኛ ሐሳብ ተነሥቶ እንግሊዝኛ የሚጽፈውን ግን መንገድ ላይ ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ የወጣው የቶማስ ሌይፐር ኬን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሀብቱ ወደር የለውም። ነገር ግን በይበልጥ የሚያገለግለው አማርኛ የሚያነበውን የባዕድ አገር ሰው ነው። በአንድ የአማርኛ ቃል ሥር ከተደረደሩት የእንግሊዝኛ ፍቺዎች የቱን ለየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚመርጥ ለማያውቅ ተማሪ የፍቺው ብዛት ራሱ ችግር ይሆንበታል።

ሌላው ጥያቄ የትኞቹ ቃላት ይቅደሙ የሚለው ነው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ቃላትን ይዟል። አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚያ ዝርዝር ውጭ የሆኑና በልዩ ልዩ የትምህርት መስኮች የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይተዋል፤ እነዚህም ከትምህርታዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ለአገራችን ተማሪ ከባዱ ይህ መካከለኛ እርከን ነው። ሙያዊ ቃላትን መምህሩ በክፍል ይበይናቸዋል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለእነርሱ የደከመ ነው። መካከለኞቹን ቃላት ግን የሳይንሱ መምህር የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ናቸው ይላል፤ የእንግሊዝኛው መምህርም በተራው ወደ ሳይንሱ መምህር ይመልሳቸዋል። ለአብነት «አሲዩም» የሚለውን እንውሰድ። በሒሳብ «እንበል» ማለት ነው፤ በታሪክ መጽሐፍ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን መያዙ በዚሁ ግስ ሊነገር ይችላል። በደብተሩ «ገመተ» የሚለውን ብቻ የያዘ ተማሪ ደርግ ሥልጣንን ገመተ ብሎ ሊረዳ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ዝርዝርን ፈጽሞ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። ቃልን ከፍቺው ጋር አጣምሮ ማጥናት በአጭር ጊዜ ብዙ ቃላትን ለማስተዋወቅ ይጠቅማል፤ በተለይም በየጊዜው እያራራቁ ሲከልሱት ይጸናል። ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት የመርሳት ጥናት የክለሳን ጥቅም ማሳየታቸው የታወቀ ነው። ስሕተቱ የመጀመሪያውን ደረጃ መጨረሻ አድርጎ መቁጠር ነው። የተማሪው ዝርዝር ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ በዚያም ቃሉ አብረውት ከሚሄዱ ቃላት ጋር በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይጻፍበት።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ድርሻ ከዚህ የከበደ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚዘጋጅ አነስተኛ መዝገበ ቃላት በ570ዎቹ ቤተሰቦች ቢጀምር፣ ምሳሌዎቹንም ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል የመማሪያ መጻሕፍት ቢወስድ፣ አማርኛው የሚለየውን እንግሊዝኛው የሚያጣምረውንና በተቃራኒው ያለውን በግልጽ ቢያመለክት፣ እስካሁን ያሉት ሥራዎች ያላገለገሉትን አንባቢ ያገለግላል። ሥራው ለአማርኛም ይተርፋል፤ ለ«አሲዩም» ለየዐውዱ ትክክለኛውን ቃል የምንፈልግ ከሆነ የገዛ ቋንቋችንን ግሶች ወሰን መለካታችን የግድ ነው። ይህ ልኬት እስኪፈጸም ድረስ ተማሪው በደብተሩ ላይ ስለሚያሰልፋቸው ጎዶሎ ፍቺዎች ከእርሱ ይልቅ ተጠያቂዎቹ እኛ የቋንቋ ባለሙያዎች ነን።