ከፍ የምትለውን መስመር ለሚያደንቁ

በሚቴን የሚሠራ የጠጣር ኦክሳይድ ነዳጅ ሴል ለገዢ ወይም ለደቀ መዝሙር በቀረበ ጊዜ፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሚያየው የቮልቴጁን መስመር ነው፤ መስመሪቱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥቂት ከፍ ያለች እንደ ሆነ ጭብጨባው ይጀመራል። እኔን ዘወትር የሚያስቆጣኝ ይህ ጭብጨባ ነው። ኤሌክትሮላይቱ ስንጥቅ እንዳይኖረው፣ ጋዝም እንዳያሾልክ ማየት እንዲገባ ማንም ስለሚያውቀው አልናገርም።

ከኒኬልና በይትሪያ ከጸና ዚርኮኒያ የተሠራ አኖድ፣ ደረቅ ሚቴን በ800 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ሲደርሰው፣ ጋዙን ሰንጥቆ ሃይድሮጂኑን ለሥራ ይወስዳል፣ ካርቦኑን ግን በሆዱ ያስቀራል፤ ሃይድሮጂንም ከሚቴን ይልቅ ለአኖዱ የሚቀል ነዳጅ ስለ ሆነ፣ ሴሉ በዚያ ሰዓት ከጤናማው የበረታ መስሎ ይታያል። ለዘር ያስቀመጠውን እህል የበላ ገበሬም በዚያ ሰሞን ከጎረቤቶቹ ሁሉ ወዛም ነው። ከ16 ግራም ሚቴን 12ቱ ግራም ካርቦን መሆኑን ያልዘነጋ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ ሁሉ ካርቦን የት ገባ ብሎ ነው። የገባውማ ኒኬሉ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሟሙቶ፣ በስተኋላ እንደ ክር እያደገ፣ የኒኬሉን ቅንጣት ከመሠረቱ ነቅሎ በጫፉ ተሸክሞ ይወጣል፣ አኖዱም ውሎ አድሮ ዱቄት ይሆናል።

ስለዚህ የገባው ካርቦን፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና ባልተነካ ሚቴን መልክ ከወጣው ጋር ተመዝኖ ካልተካከለ፣ ሥራው መልካም ነው አይባልም። እንፋሎት ጨምረናል የሚሉትም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አይወጡም። ደግሞም ጭነቱ ተቋርጦ ሴሉ ሥራ በፈታ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ይታይ፤ ኤሌክትሪኩ ሲፈስ በኤሌክትሮላይቱ በኩል የሚመጣው የኦክስጂን አዮን ጥቀርሻውን እያቃጠለ ይጠብቀው ነበርና፣ ፍሰቱ በቆመ ጊዜ ጠባቂው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባቀረቡት የመዳብና የሴሪያ አኖድ ላይ ጥቂት ካርቦን መስመሪቱን በእውነት እንደሚያሻሽል አውቃለሁ፤ ነገር ግን መዳብ ኒኬል አይደለም።

አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩኝ፤ የሴሉን መስመር በመሳቢያ ቆልፈው፣ አስቀድመው ሴሉን ካልሰበሩ በቀር ወረቀቱን አያዩም ነበር። ሴሉ ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባ ተማሪ ካገኙ፣ "ልጄ፣ ምስክሩን እኮ አቃጠልኸው!" ይሉት ነበር፤ በሙቀት የገባ አየር ጥቀርሻውን አቃጥሎ ያጠፋልና። በናይትሮጅን የቀዘቀዘውን ስባሪ ግን በአጉሊ መነጽር እያገላበጡ፣ ከመግቢያው በኩል ያለውን ጠርዝ በጣታቸው ይዳብሱና፣ ጣታቸው የጠቆረ እንደ ሆነ ምንም ሳይናገሩ ይወጣሉ። የዛሬ ወጣቶች ጣታቸውን ማቆሸሽ አይወዱም።

ስለ ድኝም ጥቂት ልበል። ለሽታ ተብሎ በከተማ ጋዝ ውስጥ የሚጨመረው የድኝ ውሁድ፣ ከሚሊዮን እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን እንኳ፣ የኒኬሉን ገጽ ይይዛል፤ ጉዳቱም ሙቀቱ ዝቅ ባለ መጠን ይከፋል፣ ስለዚህም ሙቀቱ ያልተጻፈ "ድኝን ይችላል" የሚል ምስክርነት ከንቱ ነው። ድኝና ካርቦን አንድ ላይ የተቻሉበትን ሴል የሚያወድስ ሰው ደግሞ፣ ዴንማርካዊው ሊቅ የንስ ሮስትሩፕ-ኒልሰን ያስተማሩትን ያስብ፤ ጥቂት ድኝ የኒኬሉን ገጽ በከፊል ሸፍኖ ካርቦኑ እንዳይከማች ይከለክላልና፣ አንደኛው ደዌ ሌላውን ሰውሮት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለመለየት ድኙን አቋርጦ፣ መስመሪቱ ወደ ቀድሞው መመለሷን ማየት፣ ከዚያም ያለ ድኝ ካርቦኑን እንደገና መመዘን ይገባል። የድኙም መጠን የሚለካው ከጋዙ ጠርሙስ ሳይሆን ከሴሉ አፍ ላይ ነው፤ የብረት ቧንቧ ድኝን ይጠጣልና።