ሰንበት ያከበረ እንግዳ፦ የጸጋ ዘአብ ሙግትና የክርስቲያኖች አንድነት በባዕድ ምድር

በ1527 ሊዝበን የገባ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን ተከልክሎ ኖረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ጸጋ ዘአብ ይባላል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ነበር። ባሕር የተሻገረው በክርስቲያን ነገሥታት መካከል ኅብረት እንዲጸና ቢሆንም፣ የጠበቀው ግን የሃይማኖት ምርመራ ነው። ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልሆ የተባሉ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ ግዝረት፣ ስለ ቀዳሚት ሰንበት፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው እያነሡ ሞገቱት። መልሱ አላረካቸውም፤ ማዕዱም ተዘጋበት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው በዲፕሎማሲ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ማን ለማን ደብዳቤ ጻፈ፣ ስንት ጠመንጃ ተለመነ እያልን። ከዚያ ይልቅ ለእኔ የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ በአንድ ጥምቀት የሚያምን ሰው በሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲቆም ቀድሞ የሚታየው እምነቱ ነው ወይስ የመጣበት ሕዝብ ልማድ?

ሊዝበን ለዚህ ጥያቄ ክፉ ቦታ ነበረች። በ1497 የፖርቱጋል አይሁድ በግድ ተጠምቀው «አዲስ ክርስቲያኖች» ተብለዋል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ምድጃው ሳይጤስ የዋለ ሰው በዚያ ምድር ይጠረጠራል፤ በ1536 የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ ሲቋቋም ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ክስ አደገ። ጸጋ ዘአብ ከሐዋርያት ተቀበልሁት ብሎ የሚያከብረው ቅዳሜ በዚያች ከተማ ዓይን የተሸሸገ ይሁዲነት ማስረጃ ሆነ። የሊዝበን ሊቃውንት ኢትዮጵያን አላዩዋትም ማለት ይቻላል፤ ያዩት የራሳቸውን ቁስል ነው። ከጸጋ ዘአብ በፊት የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ሆኖ የሄደው አርመናዊው ማቴዎስም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። እርሱ ደግሞ የተጠረጠረው መልኩ ሰዎቹ በልባቸው ከሣሉት ኢትዮጵያዊ ጋር አልገጥም ስላለ ነበር።

ጸጋ ዘአብ ዝም አላለም። በ1534 ስለ ኢትዮጵያውያን እምነትና ሥርዐት ሰፊ መልስ ጻፈ። የኤራስመስ ወዳጅ የነበረው ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቫን ላይ አሳተመለት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግዝረት ለመዳን የሚደረግ ሳይሆን ከአባቶች የቆየ ልማድ ነው ይላል፤ ሰንበትን የሚያከብሩት በሐዋርያት ሥርዐት መሠረት እንጂ እንደ አይሁድ እንዳልሆነ ያስረዳል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከማብራሪያው ይልቅ ልመናው ነው። ግሪክም ይሁን አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፣ ሁላችን የጥምቀት ልጆች ስለሆንን በሄድንበት ሁሉ በፍቅር እንድንኖር ይፈቀድልን ይላል። ለዚህ ሲል ሰንበቱን አልደበቀም፤ «ልማዴ ምንም አይደለም» ብሎም አላቃለለውም። ከነልማዱ ወንድም መባልን ፈለገ። መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሰራጭ ታገደ። ጎይሽ ራሱም በስተእርጅናው በሃይማኖት ፍርድ ቤት ተከሶ ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ታሪኩን «ፈረንጅ ጨካኝ፣ ሐበሻ ተበዳይ» በሚል ብቻ ከዘጋነው ግማሹን እውነት እንቀብራለን። ጸጋ ዘአብ «የእኛ ሥርዐት» እያለ የሚከራከርላት ቀዳሚት ሰንበት በገዛ አገሯ ሰው ያሳደደች ናት። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዘመን ሁለቱን ሰንበታት አክብሩ ብለው በማስተማራቸው ከአገር ወጥተው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን ደረሱ፤ እዚያው በ1352 ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ተከልክለው፣ ወደ ጠረፍ ተገፍተው ገዳም ለመመሥረት ተገደዱ። ሰንበት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሆና የጸናችው በ1450 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። እንግዲህ በሊዝበን «የኢትዮጵያዊነት ምልክት» የሆነው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው የተወጋገዙበት ነገር ነበር። ማንነት የምንለውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከጠብ ይወለዳል፣ ጠቡ ሲረሳ ከጥንት የነበረ ይመስላል።

በዚያው በ1534፣ ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ላይ መልሱን በጻፈበት ዓመት፣ ሚካኤል የተባለ ሌላ ኢትዮጵያዊ ቪተንበርግ ገብቶ ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ተነጋገረ። ስለ ሥላሴ ያለው እምነት ከእነርሱ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሉተር መንገዱ የቀና እንዲሆን የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኘው፤ የሥርዐት ልዩነት የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስም ገለጸ። ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ አንድ ዓመት፣ አንዱ በር ዝግ፣ ሌላው ክፍት። ልብ ይሞቃል። ሆኖም ይህን መስተንግዶም መመርመር አለብን። ሉተር ከሮም ጳጳስ ሥልጣን ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ያስፈልገው ነበር፤ እንግዳው በሰዓቱ ደረሰለት። ያው ሉተር ከአራት ዓመት በኋላ ሰንበት አክባሪዎችን የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1543 ደግሞ በአይሁድ ላይ እጅግ መራራ መጽሐፍ ጻፈ። ሚካኤልን ያቀፈው እጅ ጸጋ ዘአብን በሰንበቱ ቢያገኘው ኖሮ ያቅፈው ነበር? እጠራጠራለሁ። እንግዳን ለክርክራችን እስከጠቀመን ድረስ ብቻ መውደድ አንድነት ሊባል አይችልም።

እምነታቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሰዎችስ? ዴር ሡልጣንን ያየ መልሱን ያውቃል። በኢየሩሳሌም በጌታችን ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው በዚህ ገዳም መነኮሳቶቻችን በጠባብ ጎጆዎች ይኖራሉ። በይዞታው የሚከራከሩን ግብጻውያን ናቸው፤ እስከ 1951 ድረስ ሊቃነ ጳጳሳት የላኩልን፣ በሃይማኖት ከማንም በላይ የሚቀርቡን ወንድሞች። በ1970 የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመለስ ብሎ ቢወስንም አልተመለሰም። በ2002 በጋ ደግሞ አንድ ግብጻዊ መነኩሴ ከፀሐይ ሊጠለል ወንበሩን ወደ ጥላው ቢያስጠጋ ድብድብ ተነሥቶ 11 ሰው ተጎዳ። ከዚያች የወንበር ስንዝር ጀርባ የቆመው ርስት፣ ባንዲራ፣ የቆየ ቂም ነው። በክርስቶስ ባሕርይ ላይ አንድም ቃል አልተከራከሩም። ይዞታችን የእኛ መሆኑን አምናለሁ፤ መነኮሳቶቻችን በረኃብና በብርድ እንደጠበቁት አውቃለሁ። ያን ድብድብ ግን የጌታ መቃብር ባለበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ማንም እንደ ድል ሊቆጥረው አይገባም።

ወደ ራሳችን ስደት እንምጣ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች «የአገር ቤት ሲኖዶስ»፣ «የስደት ሲኖዶስ»፣ «ገለልተኛ» የሚሉ ቃላት አንድ ትውልድ አሳድገዋል። ሁለቱ ሲኖዶሶች በ2018 ሲታረቁ ብዙ ሰው አለቀሰ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ በአገር ቤት ጦርነት መጣ፤ አብረው ያስቀደሱ ሰዎች በየቋንቋቸው ወደተለየ አዳራሽ ሄዱ። እናቱን ያጣ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሊያለቅስ ቢሻ አልፈርድበትም። በአፋን ኦሮሞም በትግርኛም መቀደስና መስበክ ጸጋ ዘአብ የለመነው መብት ነው፤ ማንም ምእመን ከነልማዱ ወደ ማዕዱ የመቅረብ መብት አለው። ጥፋቱ የሚጀምረው አንዳችን የራሳችንን ልማድ የሌላው መለኪያ አድርገን በሩ ላይ ስንቆም ነው። ያኔ እኛው የሊዝበን መርማሪዎች እንሆናለን።

በአንድ የዓረብ ከተማ፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን በተዋስነው ሰዓት በምንቀድስበት አዳራሽ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ለካህኑ ብጣሽ ወረቀት ሲያቀብሉ አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ በጸሎት እንዲታሰቡ የሚፈልጓቸው ሰዎች የክርስትና ስም ተጽፏል፦ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ። ከስሞቹ ማን ከየት አውራጃ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ካህኑም አይጠይቅም፤ እያነበበ ያሳርጋል።

ጸጋ ዘአብ ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ላይ፣ ሕንድ ውስጥ ዐረፈ። ሙግቱ ግን በእጃችን ነው። በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችንና በስደት አጥቢያዎች ይነበብ፣ ሰንበት ተማሪዎች ይከራከሩበት። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጠገብህ የቆመውን ሰው አገሩን ከመጠየቅህ በፊት የክርስትና ስሙን ጠይቀው።