የኳስ ተጫዋችን ስለ መመዘን

ስለ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ችሎታ ፍርድ ሊሰጥ የሚሻ ሰው፣ የጎሉን መዝገብና የዋንጫውን ብዛት ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ ያ ተጫዋች ኳስ ከመድረሷ በፊት ዓይኑን ወዴት እንደሚልክ፣ በደረሰችም ጊዜ በመጀመሪያው ንክኪ ወዴት እንደሚመራት፣ ጉልበቱ ዝሎ ቡድኑም ሲሸነፍ ያው አስተውሎቱ ጸንቶ መቆየቱን ቢመረምር፣ ፍርዱ ወደ እውነት የቀረበ ይሆንለታል።

በክለቡ ዘንድ ተጫዋቹ ዓመቱን ሙሉ ከሚያውቁት ባልንጀሮች ጋር ይለማመዳል፣ የሚጎድለውም በገንዘብ ይገዛለታል፤ በብሔራዊ ቡድን ግን ለጥቂት ቀናት ተሰብስበው ከሚበተኑ የአገሩ ልጆች ጋር ይሰለፋል። በገዛ ደብሩ ከለመዳቸው መዘምራን ጋር ማሕሌቱን አሳምሮ የሚመራ መሪጌታ፣ ለንግሥ በሄደበት ሌላ ደብር ከማያውቃቸው ጋር ቆሞ ዜማው ሳይናጋ ሲቀር ሊቅነቱ እንደሚረጋገጥ፣ ተጫዋችም በሁለቱም ስፍራ ሊታይ ይገባዋል። ነገር ግን በአገሩ ማሊያ ዋንጫ ያላነሣውን ሁሉ ጎደሎ ነው ማለት ግፍ ነው።

ለዚህ ከላይቤሪያዊው ከጆርጅ ዊሃ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ሲሮ ሜዳ ለሚላን ተሰልፎ በቬሮና ላይ ያገባትን ጎል ብዙዎች የሚያደንቋት ስለ ሩጫው ርዝመት ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ የማየው መነሻዋን ነው። የቬሮና የማዕዘን ምት ከሁሉ ራስ በላይ አልፋ ስትወርድ፣ አጥቂው ዊሃ በገዛ ቡድኑ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ነበረ፤ ኳሷን አብርዶ፣ ሜዳው ክፍት መሆኑን አይቶ ተነሣ፤ መሐል ሜዳ ላይ ተጋጣሚዎች ሲያጣብቁት ዞሮ ከመካከላቸው ወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላም በረኛውን አልፋ በመሬት የምትሄድ ምት መታ።

ከአፍሪካ የወርቅ ኳስን እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያ ሆኖ የተሸለመው ይህ ሰው፣ የእርስ በርስ ጦርነት ያደቀቃት አገሩ የቡድኑን ወጪ መሸፈን ሲያቅታት ከኪሱ እየከፈለ፣ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ አገለገለ፤ እ.ኤ.አ. ለ2002 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ላይቤሪያ በአንዲት ነጥብ ብቻ በናይጄሪያ ተቀድማ ቀረች። ይህች ነጥብ ከዊሃ ችሎታ ምን ትቀንሳለች?

በአንጻሩ የእኛ መንግሥቱ ወርቁ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥቷል። በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ ዋንጫው በሁለት ድል የሚገኝ ነበር፤ ስለዚህ ዋንጫውን ብቻ የሚቈጥር ሰው የመንግሥቱን ክብር በደካማ ምስክር ያቆማል። ጠንካራው ምስክር ሌላ ነው፤ በፍጻሜው ጨዋታ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ የሁሉም እግር በዛለበት ጊዜ፣ ግብፅ 4 ለ 2 የተረታችበትን የመጨረሻ ጎል ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ነበረ።

በእኔ ፍርድ ዊሃ የዓለም ዋንጫ ካነሡ ከብዙ አጥቂዎች ይበልጣል። አንባቢዬም የራስዎን ፍርድ ለመስጠት ቢሹ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ የሚወዱትን ተጫዋች ኳስ ከእርሱ ርቃ ሳለች፣ አንዱን አጋማሽ ሙሉ እርሱን ብቻ ተከትለው ይመልከቱት።