«ጥራት» ስንት ጽንሰ ሐሳብ ይሸከማል? ስለ ደም ሥር ኤም.አር.አይ. ምስል ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የአንድ ሙያዊ ስያሜ ብቃት የሚፈተነው ብቻውን ሲነበብ ሳይሆን ከዘመዶቹ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገባ ነው። የደም ሥርን የኤም.አር.አይ. ምስል ስለ መገምገም የተጻፉ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች «ጥራት» በሚል አንድ ቃል ሲወከሉ ይታያል። እነዚህም የምስሉ ጠቅላላ ደረጃ፣ ረቂቅ ዝርዝርን ለይቶ የማሳየት አቅሙና ምልክቱ ከሁከት የጸዳበት መጠን ናቸው።

ችግሩ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምስሉ የሚገነባባቸው ንኡሳን ኩቦች ጎናቸው ከ1 ሚሊሜትር ወደ 0.5 ሚሊሜትር ቢያንስ፣ ቀጭን ደም ቅዳን ለይቶ የማየት ዕድል ይሰፋል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ኩብ ይዘት አንድ ስምንተኛ ስለሚሆን፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆየ፣ ምልክቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ልኬቱን በመደጋገም ጉድለቱን ለማካካስ 64 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ከሁከቱ አንጻር እጥፍ እንዲሆን ድግግሞሹ 4 እጥፍ መሆን አለበትና። ይህን በተለመደው ቃል ብንገልጸው «ጥራቱ ሲጨምር ጥራቱ ይቀንሳል» የሚል እንቆቅልሽ ይወጣል።

ሁከትን «ጫጫታ» ማለትም አሳሳች ነው። መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ በእርግጥ ስለሚጮህ ለታካሚው የጆሮ መከላከያ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ አንባቢው የምስሉን እንከን ከማሽኑ ጩኸት ጋር ቢያምታታ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው «ሰው ሠራሽ ነገር» የሚለው ትርጉም ነው፤ ለቁፋሮ ቅርስ እንጂ ለዚህ አይስማማም። ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ ይናወጣል፤ በመናወጡም ምልክት ይጠፋል፤ ጥበቱም ከእውነተኛው የባሰ ሆኖ ይታያል። ይህን ያደረገው የሰው እጅ ሳይሆን የደሙ ፍሰትና የአነሣሡ ስልት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ የሕመሙ ምልክት ታይቶባቸው የአንገት ደም ቅዳቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ለጠበበ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና እንደሚጠቅም አሳይቷል። ስለዚህ በእውነተኛና በሐሳዊ ጥበት መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ለቢላዋ እስከ ማቅረብ ወይም ከቢላዋ እስከ ማዳን ይደርሳል።

«ጥራት ሕዝብ የለመደው ቃል ነው» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ የጠራ ውሃ፣ የጠራ ስንዴ፣ የጠራ ሰማይ እንላለን። ቃሉም ይህን ስፋቱን ይዞ ለጠቅላላው ደረጃ ይቆይ። ለዝርዝሩ ግን «ልየታ»፣ «የምልክትና የሁከት ጥምርታ» እና «ሐሳዊ ገጽታ» የሚሉትን እናቀርባለን። ሦስቱም ከአማርኛ የተገኙ ናቸው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢገናኙም አይጋጩም። የተሻለ የሚያቀርብ ካለ፣ ስያሜውን ከላይ በተጠቀሰው የኩብ ምሳሌ ላይ ይፈትነው።