የጥርስ ሕክምና መሪነት በምን ይለካ?

ስለ ጥርስ ሕክምና ንግድ ሴት መሪዎች የሚጻፉ ውዳሴዎች መሪነትን በክሊኒክ ብዛት የመለካት ዝንባሌ ያሳያሉ። መለኪያው ጐደሎ ነው። ሞሮኳዊቷ ዶ/ር ኢህሳን ቤን ያህያ ከ2021 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽንን ሲመሩ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የሙያው ዐቢይ ጥያቄ ከፈውስ ወደ መከላከል መሸጋገር ነበር። የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ በሆነችው ይጁቤና በአካባቢዋ ይህ መከላከል ሊጀመር የሚገባው ከየቤቱ ደጃፍ ነው። የሕፃን ተቅማጥ በ«ግግ» ተሳብቦ ያልበቀለ ጥርሱ ሲፈለፈል ለመድማት፣ ለኢንፌክሽንና ለቋሚ ጥርስ ጉዳት ይዳረጋል። እናቲቱን አስቀድማ ልታገኛት የምትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለሆነም የሙያው ሴት መሪዎች ስኬት እርሷን በማሠልጠናቸውና በመደገፋቸው ጭምር ሊመዘን ይገባል፤ ክሊኒክ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነውና።