ዘበኛው ቤት የለውም ወይ?

የአዲስ አበባ ወዳጆቼ ሲኒማ ቤት መግባት ተወደደ እያሉ ሲያማርሩ ደስ እያለኝ እሰማቸዋለሁ። ደስ የሚለኝ በመወደዱ አይደለም። ሰው የሚያማርረው ባማረው ነገር ነውና ገና ሲኒማ ቤት መግባት የሚያምረው ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ነው። አቤቱታቸው ዝርዝር አለው። የትኬቱ፣ የታክሲው፣ የፈንዲሻው፣ የለስላሳው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የገባው ደግሞ ይህንኑ በአራት ያባዛል። እውነታቸውን ነው። እነሱ ሲጨርሱ ግን እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለችኝ። "ከነፋስ መውጫ ሲነሡስ ስንት ይፈጃል?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ቀልድ አይደለም፤ እንቁጠረው። የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ወገን በዓይነ ልቦናችሁ ዘርጉልኝ። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት፣ አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ነው። በነዚህ ከተሞች ስመላለስ ከኖርሁበት ዕድሜ ውስጥ "ሲኒማ ቤት" የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ያለበት አዳራሽ ገብቼ አላውቅም። እንግዲህ ፊልም በወጉ፣ በትልቅ መጋረጃ ላይ ማየት ያማረው የጋይንት ሰው መንገድ መጀመር አለበት። ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። እዚያ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ወደ ጎንደር ቢያቀና ደግሞ ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ሲኒማ ቤት አለ። አዲስ አበባ እንሂድ ካለ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወገዳው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ቁጥር የሚጀምርለት መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ነው።

ፊልም የሚታየው አመሻሽ ላይ ነው። ማታ የሚመለስ መኪና ስለሌለ አልጋ መያዝ ግድ ነው። እራት አለ፣ ቁርስ አለ፣ የደርሶ መልስ መሳፈሪያ አለ፣ ሥራ የተፈታበት ሁለት ቀን አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲያበቃ ትኬቱ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ቁጭ ይላል። እናላችሁ አዲስ አበቤው "ትኬት ተወደደ" ሲል ጋይንቴው የሚያልመው ትኬቱ ብቻ በተወደደብኝ ብሎ ነው።

ይህን መንገድ ሳስብ አንድ ምፀት ይመጣብኛል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት አድርገው ወደ ዋድላና ደላንታ ነበር የወጡት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ነው። ገደል እየተናደለት፣ መንገድ እየተጠረገለት ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም ሠሪው የቴዎድሮስ ተሾመ ሲኒማ ቤት በዚያው መድፍ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙን እወደዋለሁ፤ ሰውየውንም አልወቅስም። የግል ባለሀብት ሱቁን የሚከፍተው ገዢ ባለበት ነው። ይሁን እንጂ መድፉ በደጃችን ተጎትቶ ያለፈ ሰዎች ስሙን በወረሰው አዳራሽ ለመቀመጥ ከመድፉ የበለጠ መንገድ መሄድ ነበረብን።

"ገጠሩ እኮ ተሰብስቦ ፊልም ማየት አልለመደም" የሚሉኝ አሉ። ከማስተምርበት ዘመን ጀምሮ የሰማሁት ክርክር ነው። ለመሆኑ ማን ለምዶ ተወለደ? አዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ አፍ "የሰይጣን ቤት" ይባል ነበር። የዚያን ጊዜ አማትቦ ያለፈው ሰው የልጅ ልጅ ነው ዛሬ ፈንዲሻ ተወደደብኝ የሚለው። ጋይንት ደግሞ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ያለበት አገር ነው። ተማሪው ከየአገሩ በእግሩ እየመጣ የሚሰበሰብበት፣ ሕዝቡ ለክብረ በዓል ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማሕሌት የሚሰማበት አገር ነው። ማሕሌትን ከፊልም ጋር ላወዳድር አላልሁም፤ እግዜር ይጠብቀኝ። እንዲህ ያለው ሕዝብ አንድ ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል ማለት ግን ነውር ነው።

ደግሞም ለምዶ ነበር። እኔ ፊልም የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር መጥቶ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሲሰቅል ነው። ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ነበር፤ ዝንብ አንሶላውን ሞልታ ስትታይ ከፊት የተቀመጥነው ብድግ ብለን ሮጥን። ኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ቪዲዮ ቤት መጣ። የጭቃ ቤት፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ መስኮት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ኋላ አንድ ብር ሆነ። የሕንድ፣ የካራቴ፣ የጦርነት ፊልም ነው የሚታየው። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ከመካከላቸው አንድ ደፋር ይነሣና ይተረጉማል፤ እንግሊዝኛውን ሳይሆን የራሱን ሐሳብ። "አክተሩ አይሞትም፣ አትፍሩ" ይላል። አክተሩ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ያቃስታል፣ ሲመታላቸው ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።

አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን ቪዲዮ ቤትን እንደኔ ያወገዘ አልነበረም። ልጆች ከትምህርት ይቀሩበታል፣ ጠረኑ አያስቀምጥም፣ ፊልሙ ደም ብቻ ነው፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም አላስተባብልም። አንድ ነገር ግን አላየሁለትም ነበር። ለእረፍት አገሬ በገባሁ ጊዜ አንድ ማታ ዝናብ አስጠግቶኝ ገባሁ። እረኛው ከነጋዴው ልጅ፣ ተማሪው ከጋሪ ነጂው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ስለቆየን ክርክሩ ተጀመረ። ወንድሙን የከዳው ሰው ይቅር ሊባል ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም? ክፍል ውስጥ ላስነሣው ስደክም የኖርሁት ክርክር በአንድ ብር፣ ያለ አስተማሪ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ሲካሄድ ሰማሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የእናቴ ወንድም ከስማዳ ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። የመጨረሻው ምርመራቸው ደህና ሆኖ ሲገኝ ደስ ላሰኛቸው ብዬ አንድ ሲኒማ ቤት ወሰድኋቸው። የአማርኛ ፊልም በየሳምንቱ የሚወጣበት፣ ሰልፉ አስፋልት ድረስ የሚደርስበት ወቅት ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ፊልም አይደለምና። ቪላ አለ፤ የሀብታም ልጅ አለች፤ የሚወዳት ድሃ አለ። በቪላው በር ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። ዘበኛው ከገጠር የመጣ ነው። ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፣ አነጋገሩ እንደኛው አገር ነው፣ አፉን በከፈተ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። እኔም ስቄአለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ከጎኔ ያሉት አጎቴ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ዝም ብለዋል።

ስንወጣ መጀመሪያ የጠየቁት ዋጋውን ነበር።

"አሥራ አምስት ብር ነው ያልኸኝ፣ ለአንድ ሰው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አንድ ቄብ ማለት አይደለም እንዴ!" አሉና ትንሽ ተራመዱ። ቀጥሎ ቆም ብለው "ፊልሙስ ደግ ነው። ግን አንተ፣ ያ ዘበኛ ቤት የለውም ወይ?" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠን የጌታዮውን ሳሎን አየን፣ የልጅቱን መኝታ አየን። የእሱን የመጣበትን ሳያሳዩን አለቀ። እናት የለችውም? ገንዘብ የሚልክለት ልጅ የለውም? ከበሩ ላይ የበቀለ ነው የሚመስል። ሰዉስ የሚስቀው በምኑ ነው? እንዲያ እኮ ነው የምንናገር።"

ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው መልስ አጣሁ። በዚያ ዓመት ካነበብኋቸው የፊልም ሂሶች ይህን የሚያህል አላገኘሁም፤ እኔም አልጻፍሁም።

ኋላ ሳሰላስለው የመንገዱ ዋጋና የዘበኛው ቤት አንድ ጉዳይ ሆኑብኝ። ፊልም ሠሪ ገንዘቡ የሚመለስለት ከትኬት ነው። ትኬት የሚቆርጠው ደግሞ አዳራሹ አጠገብ ያለው ነው። እንግዲህ የሚጻፈው፣ የሚቀረጸው፣ የሚቀለደው ለእሱ ነው። ጋይንቴው ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ትኬት ስለማይቆርጥ ቅር ቢለው የሚጎዳ ገበያ የለም። በአዳራሹ ወንበር የሌለው ሰው በመጋረጃው ላይም ቤት አይሠራለትም። ሲኒማ ቤት የሌለው አገር የሚጎዳው መዝናኛ በማጣቱ ብቻ ይመስለን ነበር። ሌላው እንዴት አድርጎ እንደሚያየው የመናገር ድምፅም አብሮ ነው የቀረበት።

ሌላ ዓይነት ፊልም ሊሠራ አይችልም እንዳትሉኝ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን በ1960ዎቹ ሲሠራ ካሜራውን የተከለው ገበሬው ደጅ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ አይቸኩልም። ገበሬው ሲያርስ፣ እናት ስታበስል፣ ልጅ ከብት ስትጠብቅ እያየን እንቀመጣለን። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በቬኒስ የተሸለመው "ጤዛ"ም ከጣና ዳር ካለች መንደርና ከአንዲት እናት ቤት አይርቅም። ሁለቱንም ዓለም አይቶ አድንቋቸዋል። ጋይንት ውስጥ ግን በአዳራሽ አየኋቸው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናም የገበሬው ቤት የተሣለበት ፊልም ገበሬው ቤት ሳይደርስ፣ ዘበኛው የሚሳቅበት በየሱቁ ደረሰ።

አዎ፣ ዛሬ ፊልም በየሱቁ ደርሷል። ነፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ሚሞሪና ፍላሽ የሚጭን ልጅ አይጠፋም። የአማርኛውን፣ የትርጉሙን፣ የሕንዱን በጥቂት ብር ጭኖ ይሰጣል። የወንድሜ ልጅ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርሁት ከእኔ የበለጠ ፊልም አይቷል። ዋጋው ወርዷል፤ መንገዱም ቀርቷል። ሆኖም ማታ ማታ ጥግ ይዞ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ብቻውን ነው የሚያየው። ወንድሙን የከዳው ሰው ይቅር ይባል አይባል ከማን ጋር ይከራከር?

ይህ ክርክር ደግሞ ለአካባቢው ቅንጦት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ከተማዋ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። በዚያ ሰሞን የተደፈሩ ሴቶች ምስክርነት በዓለም ፊት ወጥቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ሌላ ግጭት መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱስ ስንት ጊዜ ተቋረጠ? ሰው በጊዜ ቤቱ መግባትን፣ ከማያውቀው ጋር አለመቀመጥን ተማረ። እንዲህ ባለ ዘመን ስለ ሲኒማ ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ይመስላል፤ እኔም እየሰጋሁ ነው የጻፍሁት። ግን አንድ ቀን ሲሰክን፣ እርስ በርሱ መተያየት የፈራ ሕዝብ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ነገር የሚያይበት ቦታ ያስፈልገዋል። ለቅሶ ቤትና ገበያ ብቻቸውን ይህን ሁሉ አይችሉትም።

ሕንፃ ይሠራ አላልሁም፤ ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማም አልመኝም። በየወረዳው ከተማ የስብሰባ አዳራሽ አይጠፋም። በዓመት ጥቂት ቀን አበል ለሚታሰብበት ስብሰባ ይከፈታል፤ ቀሪውን ቀን ቁልፉ ከጥበቃው ኪስ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በብርሃን ቤቱ እንዲገባ ሆኖ ቢከፈትስ? አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ የገበያተኛ አቅም የሚችለው መግቢያ። ፊልም ሠሪውም አዲስ አበባ ላይ ካሳየ በኋላ ወደዚህ ይዞት ይምጣ፤ ትርፍ ላያገኝበት ይችላል። ግን በሩ ላይ ይቁምና ሰዉ ሲወጣ የሚለውን ይስማ። ወገዳ ላይ ጋቢያቸውን ያጣፉ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ስለ ዘበኛው ቤት ቢጠይቁት፣ እኔ ያጣሁትን መልስ እሱ ይፈልግላቸው።